ፍራንኮ አካባቢ ያለችው አትክልት ቤት እና የእትዬ ፋሲካ

ስለ ሆቴል ይጻፋል፣ ስለ ክትፎ ቤት ይጻፋል፣ ስለ ስልክ ይጻፋል። ሽንኩርት ስለሚገዛበት ቤት የጻፈ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ዛሬ እኔ ልሞክረው።

ቤቷ አዳማ ውስጥ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ ገባ ሲሉ የምትገኝ የቆርቆሮ ሱቅ ናት። ስም የላትም። በሩ ላይ የተለጠፈው የቴሌብር ቁጥር ብቻ ነው። ሰፈሩ "እዚያች ልጅ ጋ" ይላል። ልጅ ሲሏት እንዳትሳሳቱ። ሠላሳ አምስት ዓመት ይሆናታል፣ የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ምላሷም እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ለ19 ዓመት እዚሁ አዳማ በሆቴል ሠርቻለሁ። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ ለሦስት መቶ ተሰብሳቢ ሰላጣ ስከትፍ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ ወጣሁ። አሁን ቤቴ ሆኜ ለልደትና ለምርቃት በትእዛዝ እሠራለሁ። በዚህ ምክንያት አትክልት ነጋዴ አይወደኝም። ካሮት እሰብራለሁ። ቀጭ ካላለ አልወስድም። ቲማቲም አሸታለሁ። ጎመን ገልብጬ ግንዱን አያለሁ። እዚህ ቤት የመጀመሪያ ቀን ካሮቷን ልሰብር ስል "ይስበሩ ጋሼ፤ የሰበሩትን ግን ይከፍላሉ" አለችኝ። ሰበርኩ፣ ቀጭ አለ፣ ከፈልኩ። ይኸው ሁለት ዓመት ሆነን።

ስለ ቤቷ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ዘንድሮ መጋቢት 23 ቀን ነው።

የባለቤቴ አጎት በወጣትነታቸው ጎንደር ላይ ቤተ እስራኤል፣ ከአገራችን አይሁድ ወገን፣ አግብተው ነበር። ግንቦት 1983 አዲስ አበባ ላይ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲወሰድ እነሱም ሄዱ። ዘመቻ ሰሎሞን የተባለው ጊዜ ማለት ነው። አጎትየው እዚያው እስራኤል አረፉ። ሚስታቸው፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ዘንድሮ ከልጃቸውና ከአማቻቸው ጋር እንደሚመጡ ደወሉልን። "ፋሲካን እናንተ ጋ ነው የምናደርገው" አሉ። ባለቤቴ እልል አለች። እኔ በልቤ ዶሮ መገነጣጠል ጀመርኩ።

ቀኑን ስንጠይቃቸው መጋቢት 23፣ ረቡዕ ማታ አሉ። ቀዘቀዝኩ። ዐቢይ ጾም እኮ ነው። የእኛ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው የሚውለው።

"እትዬ፣ በጾም መሀል ምን ዓይነት ፋሲካ ነው?" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። "ስሙን ከእኛ ወስዳችሁ እኛኑ ትጠይቁናላችሁ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ፋሲካ የሚለው ቃል በግሪክኛ በኩል ዞሮ የመጣ ይሁን እንጂ ሥሩ የዕብራይስጡ ፔሳሕ ነው። ከግብፅ የወጡበት ሌሊት። የቂጣ በዓል የሚባለውም እሱ ነው።

ቂጣ ሲባል መቼም እርሾ የለም ማለት ነው። ይሄን አውቃለሁ። ያላወቅኩት የቀረውን ነው። በስልክ እየተነገረኝ በወረቀት ስጽፍ ሚስቴ ትከሻዬ ላይ ሆና ታነባለች፤ እየተነበበ በሄደ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። ከስንዴ፣ ከገብስና ከመሰሎቻቸው የቦካ ነገር አይገባም። ዳቦ የለም። እንጀራስ? ጤፍ እንኳን በሃይማኖት ሕጋቸው ከተከለከሉት አምስት እህሎች ውስጥ የለም። እትዬ ግን "በእናቴ ቤት በፋሲካ የቦካ ነገር ደጃፍ አይረግጥም ነበር፤ አሁን በእርጅናዬ አልጀምርም" አሉ። እንጀራ ተሰረዘ። አቼቶም ከምን እንደተሠራ ስለማይታወቅ ተሰረዘ። አዋዜ ጠጅ ይገባበታል፣ ተሰረዘ። በርበሬው ራሱ የተፈጨው ስንዴና ገብስ በሚፈጭ ወፍጮ ቤት ነው። እሱም ተሰረዘ።

ይሄም ይሁን ብዬ ነበር። ከዚያ የአማቻቸው ነገር መጣ። የእሱ ወገን ከአውሮፓ የመጡት አይሁድ፣ አሽከናዚ የሚባሉት ናቸው። እነሱ በፋሲካ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ሩዝና በቆሎም አይነኩም። ቃሪያ በጥሶ ሽሮ እየበላ የኖረ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ምን ይሰማዋል? በጾም ወቅት፣ ያለ ሽሮ፣ ያለ ክክ፣ ያለ ምስር፣ ያለ እንጀራ ሰው ጥራ ተባልኩ።

በሌላ በኩል ጎረቤቶቻችን አሉ። ባልና ሚስት፣ ከነእናታቸው። እትዬን ለማየት ይመጣሉ፣ ደግሞም ጾመኞች ናቸው። ሥጋውም እንቁላሉም ለእነሱ አይሆንም። እንግዲህ ቆጥራችሁ ድረሱበት። ዘጠኝ ሰው በአንድ ገበታ ተቀምጦ ሁሉም እጁን የሚሰድበት ሳህን አትክልት ብቻ ሆነ። ሥጋውን ለሚበሉት ለብቻ እናቀርባለን ተባለ። መክፈቻው ግን የሁሉም መሆን አለበት። መክፈቻ የምለው ሆቴል ቤት አፒታይዘር የምንለውን ነው።

እትዬ የሚፈልጉት የጸደይ አትክልት ነው። በዓሉ ራሱ የጸደይ ነው፤ መጽሐፉ ከግብፅ የወጡት በአቢብ ወር ነው ይላል። ተል አቪቭ የሚለው ስም ውስጥ ያለው "አቪቭ"ም ጸደይ ማለት ነው አሉኝ። እዚያ በዚህ ጊዜ ገበያው በአርቲቾክና በአስፓራገስ ይሞላል። "አስፓራገስ አዳማ ይገኛል?" አሉ። አስፓራገስ እኔ በሆቴል ቤት ቆርቆሮ ከፍቼ ነው የማውቀው። ትኩሱን አዳማ ገበያ ላይ አይቼው አላውቅም። ጸደይ ብሎ ነገርስ? ለብዙዎቻችን ጸደይ ሲባል የሚታየን መስከረምና አደይ አበባ ነው። መጋቢት አዳማ ላይ ሰው ጥላ እየፈለገ ግድግዳ ግድግዳውን የሚሄድበት ወር ነው። በኋላ ጎረቤታችን ያሉት መሪጌታ አረሙኝ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው። ለእትዬ በዓል ሦስት ቀን ብቻ ነበር የጎደለው።

ሰኞ ጠዋት ወደ አትክልት ቤቷ ሄድኩ።

የቤቷን ጥሩ ነገር እዚህ ላይ ልናገር። አንደኛ፣ የትናንቱንና የዛሬውን አትቀላቅልም። ብዙ ቦታ ትኩሱ ከላይ፣ የጠወለገው ከታች ይደረደራል። እሷ ሁለት ሣጥን አላት፤ የትናንቱ በግራ ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ጠይቃችሁ አይደለም፣ ራሷ ነው የምትነግራችሁ። ሁለተኛ፣ ሚዛኗ ልክ ነው። እቤቴ የእንጀራ ዱቄት የምመዝንበት ሚዛን አለኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ደግሜ መዝኜ አንድም ቀን አልጎደለም። ሦስተኛ፣ ካሮቱ ላይ ውሃ እየረጨች አትመዝንም። ውሃ የሚረጩ ነጋዴዎች "እንዳይጠወልግ ነው" ይላሉ። እኔ ውሃ በካሮት ዋጋ መግዛት አልፈልግም።

ከሁሉም በላይ የሚመጣላትን ነገር ታዛለች። አዳማ የሚገባው አትክልት አብዛኛው ከመቂ፣ ከባቱና ከቆቃ በኩል በመስኖ የለማ ነው። አይሱዙው ንጋት ላይ ያራግፋል። ሌላው ነጋዴ የመጣለትን ይቀበላል። እሷ ከሾፌሩ ጋር በኦሮምኛ ስትከራከር በሩቅ ይሰማል። ሰኞ ዕለት "ለረቡዕ ትንንሽ ዝኩኒ እፈልጋለሁ፤ ከመሀል ጣቴ ብዙም የማይረዝም" አልኳት። አሳቃት። "ጋሼ፣ ሰው ትልቁን ስጪኝ ይለኛል፣ እርስዎ ያልደረሰውን ይላሉ።" ትልቅ ዝኩኒ ውሃና ፍሬ እንደሆነ፣ በጥሬው የሚበላው ትንሹ እንደሆነ አስረዳኋት። ወዲያው ስልክ አንስታ ደወለች። ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሣጥን ትንንሽ ዝኩኒ፣ አንዳንዱ አበባው እንኳን ያልረገፈ፣ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። በ19 ዓመት የሆቴል ሥራዬ ከግዢ ክፍል እንዲህ ያለ ነገር አግኝቼ አላውቅም።

ማክሰኞ እትዬም አብረውኝ ሄዱ። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ውጪ ፀሐይ ላይ ነው የሚጠብቀው። ይሄ አንዱ እንከኗ ነው። እትዬ ገቡ፣ እኔ ፀሐይ ላይ ቀረሁ።

"ሰላጣ አለሽ?" ሲሉ ሰማሁ።

"አለ እናቴ፣ ዛሬ ጠዋት የገባ።"

"የሚመር አለሽ?"

ዝምታ ሆነ። ልጅቷ ወደ እኔ ተመለከተች። ሴትዮዋ ሊጣሉኝ ነው ወይ የሚል ዓይን ነው። እኛ ሰላጣ የምንለው ረጅሙ ቅጠል፣ አገር ወጣ ሲባል ሮሜን የሚሉት፣ ሙቀት ሲበዛበት ወደ ላይ ይመዘዝና አበባ ለማውጣት ይሞክራል። ያኔ ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል፣ ይመራል። ለነጋዴ ኪሳራ ነው፤ ለበግ ይሰጣል። በእትዬ በዓል ግን መራራ ቅጠል የግድ ነው። የባርነቱን ምሬት እንዲያስታውስ ይበላል፤ ብዙ ቤት ለዚህ የሚጠቀሙት ይህንኑ ሰላጣ ነው። እትዬ ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሯት። ልጅቷ ከሱቁ ጀርባ ወጥታ ልትጥላቸው የነበሩ ሦስት የተመዘዙ ሰላጣዎች ይዛ መጣች። እትዬ አንዱን ቅጠል ቀንጥሰው አኘኩ። ዓይናቸው ጠበበ። "ይሄ ነው!" አሉ። ልጅቷ ለሦስቱ ዋጋ አልተቀበለችም። "በምሬት አልነግድም" አለች።

ለሌላው ከፈልን። ዝኩኒ ሁለት ኪሎ በ60 ብር ሒሳብ፣ ካሮት ሁለት ኪሎ በ70፣ ቀይ ሥር አንድ ኪሎ 60፣ ባሮ ሽንኩርት አንድ ኪሎ 90፣ ደህናው ሰላጣ ስድስት ራስ አንዱ በ30፣ አቮካዶ ሁለት ኪሎ በ120፣ ሎሚ አንድ ኪሎ 220። የሎሚው ነገር አሳመመኝ። ትከራከራላችሁ? አትቀንስም። አንድ ብር አትቀንስም። ደረሰኝም የለም፤ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ጽፋ ነው የምትደምረው። ድምሯ ግን ልክ ነው። ሁለት እስር ፐርስሊ በ40 ብር ለረቡዕ አዘዝኩ፣ ትኩስ እንዲሆን። ጠቅላላው 1,090 ብር። ረቡዕ ከቤት ድረስ እንዲላክ ተስማማን። እዚህ ላይ ነው ጣጣው የመጣው፤ እደርስበታለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ጀመርን። ቢላዬን አወጣሁ፤ አሥር ዓመት ያገለገለኝ፣ ከእጄ ጋር የተላመደ። እትዬ አዩና "ይሄ ዳቦ ቆርጧል?" አሉ። ዋሽቼ ምን አገኛለሁ? ቆርጧል አልኩ። በሉ አስቀምጡት። አዲስ ቢላ፣ አዲስ መክተፊያና አዲስ ጎድጓዳ ሳህን ገዝተው መጥተዋል። ትንሽ ቅር አለኝ፣ አልደብቅም። ከዚያ እትዬ ካሮት እየላጡ የልጅነታቸውን አወሩ። ወለቃ ነው ያደጉት፣ ጎንደር አጠገብ። እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ፋሲካ ሲደርስ ዓመቱን ሙሉ የተሠራበት ሸክላ ድስት ይሰበርና በአዲስ ይተካ ነበር። "እናቴ ራሷ የሠራችውን ራሷ ስትሰብረው ታለቅስ ነበር፤ ከዚያ አዲሱን ታወጣዋለች" አሉ። በግ ይታረድ ነበር፣ ቂጣ ይጋገር ነበር። አሁን እስራኤል ውስጥ የሚያደርጉት የገበታ ሥርዓት፣ በሳህን ላይ የሚደረደረው፣ አራቱ ጽዋ፣ ታሪኩን ከመጽሐፍ እያነበቡ ማምሸቱ፣ ያኔ በወለቃ አልነበረም። እዚያ ሄደው ነው የተማሩት። ይህን ከሰማሁ በኋላ ስለ ቢላዬ ማሰብ ተውኩ።

መክፈቻው እንዲህ ነበር። ለዘጠኝ ሰው ነው።

መጀመሪያ ሰላጣው። እትዬ ቅጠል በቅጠል ለዩት፣ ጨው ባለበት ውሃ ነከሩት፣ ከዚያ አንድ በአንድ በስልክ መብራት አዩት። ትል ወይም ነፍሳት መብላት በሕጋቸው ክልክል ነው። በእኔ ቤት ሰላጣ ታጥቦ ያልፋል እንጂ ፍተሻ አይደረግበትም። ስድስት ራስ ሰላጣ ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ሰባት ቅጠል ጣሉ፤ ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት ነበሩበት። "ለስድስት ራስ ሰባት ቅጠል ትንሽ ነው፤ ጥሩ ቤት ነው የገዛህ" አሉኝ። ለአትክልት ቤቷ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም፤ በስልክ መብራት ታይቶ ያለፈ ነው።

ዝኩኒውንና ካሮቱን በድንች መላጫ እንደ ጥብጣብ ቀጭን ቀጭን አድርጌ ገፈፍኩት። አልበሰለም። ዝኩኒው ላይ ጨው ነስንሶ አሥር ደቂቃ መተው ነው፤ ውሃውን ያወጣል፣ ከዚያ በእጅ ጨመቅ። ባሮውን ለሁለት ሰንጥቆ በየንብርብሩ ያለውን አፈር ማጠብ ያስፈልጋል። ባሮ አፈር ይደብቃል፤ ሆቴል ቤት ብዙ ሰው በዚህ ተዋርዷል። ከዚያ ፈላ ውሃ ውስጥ አራት ደቂቃ፣ ወዲያው በበረዶ ውሃ። አረንጓዴነቱ እንዳለ ይቀራል። ቀይ ሥሩን ከነልጣጩ ቀቅዬ በስሱ ቆረጥኩ፣ ለብቻው አስቀመጥኩ። ከሌላው ጋር ካደረጋችሁት ገበታው ሁሉ ሮዝ ይሆናል።

ማጣፈጫው የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ እንግዶቹ ይዘውት የመጡት የወይራ ዘይት፣ ጨው፣ ትንሽ ቁንዶ በርበሬ ነው። አቮካዶው በሎሚ ተፈጭቶ የሰላጣው ቅጠል ውስጥ ከታች ይቀባል፤ ጥብጣቡ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ከላይ እንስላል። እንስላሉ ከጎረቤት አጥር ነው፤ በአትክልት ቤቷ እንስላል ጠይቄ "እሱማ አጥር ላይ እያለ ማን ይገዛዋል" ብላኛለች።

አንድ ነገር እንድትይዙልኝ የምፈልገው ጊዜውን ነው። በዚህ በዓል ሰው ገበታ ላይ ተቀምጦ ወዲያው አይበላም። ይነበባል፣ ይዘመራል፣ ልጅ ይጠይቃል፣ አባት ይመልሳል። ምግቡ ከሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ግን አንድ አትክልት በጨው ውሃ ነክረው ይቀምሳሉ፤ ካርፓስ ይሉታል። ጨው ውሃው እንባ ነው። አንዳንድ ቤት ልጆች በርሃብ እንዳያልቁ እዚያው ላይ አትክልት ጨመር ጨመር ይደረጋል አሉ። የእኔ ሳህን የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ ሎሚና ዘይቱን ቀድማችሁ ብታፈሱት ያልቅላችኋል፤ ዝኩኒው ውሃ ይለቃል፣ ሰላጣው ይተኛል። ሁሉንም ለየብቻ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ፣ ማንበብ ሲጀምሩ ወጥ ቤት ገብቼ ነው የለወስኩት።

አሁን ወደ ፐርስሊው። ለካርፓስ የታሰበው እሱ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ልጁ ጥቁር ፌስታል ሰጠኝ። ከፈትኩት። የተቀቀለ ጎመን ይመስላል። የአዳማን የሰባት ሰዓት ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ባጃጅ ውስጥ፣ ጥቁር ፌስታል ውስጥ፣ ፐርስሊ ምን ይሆናል? በረዶ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ተስፋ አደረግኩ፣ አልተነሳም። እጄ ሽቶ እንደነካው ሰው ፐርስሊ ፐርስሊ ብቻ ሸተተ።

እትዬ አልተናደዱም። "ድንች የለም እንዴ?" አሉ። በምሥራቅ አውሮፓ ቅጠል በማይገኝበት ብርድ አገር ሰዎች ለካርፓስ የተቀቀለ ድንች ይጠቀሙ ነበር፤ አማቻቸውም በእናቱ ቤት የሚያውቀው ድንች ነው። ድንች ሲባል የአማቻቸው ፊት በራ። እኔ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አረንጓዴ ነገር ሳሳድድ ከርሜ በመጨረሻ ገበታው የተከፈተው በተቀቀለ ድንች መሆኑ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ተቀመጥን። ጨረቃዋ ሙሉ ነበረች፤ በዓሉ ሁልጊዜ በወሩ እኩሌታ፣ ጨረቃ ስትሞላ ነው የሚውለው። ድንቹ በጨው ውሃ ዞረ። ከኋላው ሳህኔ ገባ። የጎረቤታችን እናት፣ ሰማንያ የሚጠጉ፣ አንዱን የሰላጣ ቅጠል አንስተው ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ "ቅቤ የለውም?" አሉኝ። "የለውም እማማ።" "እንቁላል?" "የለውም።" ጎረሱ። ሁለተኛ ደገሙ። የእትዬ አማች ደግሞ ከቅጠሉ ላይ አተር ካለ ብሎ በሹካ ሲቆፍር አየሁት፣ ከዚያ እሱም ዝም ብሎ በላ። ልጄ ከእንግዶቹ ሻንጣ የወጣውን የታሸገ ቂጣ፣ ማጻ የሚሉትን፣ ቀምሶ "ይሄማ ካርቶን ነው" ብሎ አሳፈረን። እትዬ ሳቁ። "በወለቃ የጋገርነው ቂጣ ቢሆን እንዲህ አትልም ነበር" አሉ።

መራራው ሰላጣ ሲመጣ ሁሉም ፊቱን አኮማተረ። እማማ ብቻ በቀላሉ ዋጡት። "ኮሶ የጠጣ ሰው ይሄን መራራ ይለዋል እንዴ?" አሉ።

ሳህኑ ባዶ ሆኖ ተመለሰ። ለዘጠኝ ሰው ሃያ ሰባት ቅጠል አዘጋጅቼ ነበር። ቀይ ሥሩ ትንሽ ተርፏል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ካሮቱም አንድ ኪሎ ተኩል ይበቃ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ለክርክር ተዘጋጅቼ ወደ አትክልት ቤቷ ሄድኩ። ስለ ዝኩኒው አመሰገንኩ፣ ከዚያ ስለ ፐርስሊው ጀመርኩ። የላከችው ሰው፣ ሰዓቱ፣ ጥቁሩ ፌስታል፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የላክሁላትን መልእክት አሳየችኝ። ረቡዕ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በራሴ ስልክ፦ "አሁን አትላኪ፣ እንግዶቹ ተኝተዋል፤ ወደ ሰባት ሰዓት ይሁን።"

"ጋሼ፣ ፐርስሊ እንግዳ እስኪነሳ ይጠብቃል?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ትኩስ ነገር ቤት ድረስ የምታዙ ከሆነ እንግዲህ ጠዋት እዘዙ፤ ወይም ዘንቢል ይዛችሁ ራሳችሁ ሂዱ። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ክፍት ናት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የምትከፍተው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ቅጠላ ቅጠል ባትገዙ ይሻላል፤ ሥራሥሩ ግን እስከ ማታም ደህና ነው።

ልወጣ ስል "የዚያች እናት ሰላጣ መረረላቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። መረረላቸው አልኳት። ወደ ጀርባ ገብታ ሁለት የተመዘዙ ሰላጣ ይዛ መጣች፣ ለእሳቸው ብላ ያስቀመጠችው። እትዬ በዓሉን ገና አልጨረሱም ነበርና ተቀብዬ ዘንቢሌ ውስጥ ከተትኩ።

"ሃያ ሃያ ብር ነው" አለችኝ።

"ማክሰኞ በነጻ ነበር እኮ!"

"ማክሰኞ ሰው እንደሚፈልገው አላውቅም ነበር" አለች፣ የሲጋራ ፓኮዋን ገልብጣ እየጻፈች።